ኪሮሽ ለመጀመር ሰፊ ጊዜ አትጠብቁ

ኪሮሽ መሥራት እፈልጋለሁ የሚለኝ ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚለው አንድ ነው፤ «ግን ጊዜ የለኝም»። እኔ ደግሞ ኪሮሽን የምወደው ለዚሁ ነው። በሁለት መርፌ ሹራብ የሞከረ ሰው ያውቀዋል፣ መርፌው ላይ የተደረደሩት ቀለበቶች ሁሉ ክፍት ስለሆኑ አንዱ ካመለጠ እስከ ታች እየተተረተረ ይወርዳል። ኪሮሽ ላይ ክፍት የሆነው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ቡናው ሲገነፍል፣ ልጅ ሲያለቅስ፣ በር ሲንኳኳ ያቺን ቀለበት ሳብ አድርጋችሁ ታስረዝሟትና ትነሳላችሁ። ስትመለሱ እዚያው ናት።

እኔ የተማርኩት ከአክስቴ ነው፣ ቡና ላይ። አቦሉን ቀድታ ትሠራለች፣ ቶና እስኪደርስ ትሠራለች፣ በረካ ላይ ዘርግታ ለጎረቤት ታሳያለች። የሶፋዋም የቴሌቪዥኗም ዳንቴል እንዲህ በቡና መሀል ያለቀ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው። እባካችሁ በቀጭን የዳንቴል ክር አትጀምሩ፣ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ (ጫፉ ቆልማማ የሆነው መርፌም ስሙ ያው ኪሮሽ ነው) እና ወፈር ያለ ክር ይበቃል። ቀለሙ ፈካ ያለ ይሁን፤ በጥቁር ክር ማታ በአምፖል ስትሠሩ ኪሮሹን የት እንደምታስገቡ አይታያችሁም።

ክሩን በግራ እጅ ሌባ ጣት ላይ አሳልፉት፣ ኪሮሹን በቀኝ እንደ እርሳስ ያዙት (ግራኝ የሆነ ሰው ገልብጦ ይያዝ)። ቋጥራችሁ አንድ ቀለበት ኪሮሹ ላይ አድርጉ። ክሩን ጠልፋችሁ በቀለበቱ ውስጥ ሳቡት። አንድ ሰንሰለት ሆነ። እንዲህ 21 ሰንሰለት ሥሩ፣ ላላ አድርጋችሁ። ካጠበቃችሁት በሚቀጥለው ረድፍ ኪሮሹ አልገባም ይላችኋል።

አሁን ከኪሮሹ ሁለተኛዋ ሰንሰለት ውስጥ አስገቡ፣ ክር ጠልፋችሁ አውጡ። ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ጠልፋችሁ በሁለቱም ውስጥ በአንዴ ሳቡት። አንድ ቋጠሮ ማለት ይኸው ነው። እስከ ጫፍ ስትሄዱ 20 ቋጠሮ ይኖራችኋል። አንድ ሰንሰለት ሠርታችሁ ሥራውን አዙሩና እንደገና 20። ቁጠሩ፣ በየረድፉ ቁጠሩ! የመጀመሪያ ሥራዬ አራት ማዕዘን ሊሆን ታስቦ እየጠበበ ሄዶ ሦስት ማዕዘን ሆነብኝ፣ የየረድፉን የመጨረሻ ቋጠሮ እየዘለልኩ ኖሯል። አክስቴ ጠርዙን በጥፍሯ እየቆጠረች የዘለልኩትን ቦታ አንድ በአንድ አሳየችኝ፣ ከዚያ «ተርትሪው» አለችኝ። ተረተርኩት። ክሩ አልጠፋም፣ እጄም በዚያው ለመደ።

ቀጥሎ ክብ ሥሩ፣ ምክንያቱም ክብ ካወቃችሁ የሲኒ ማስቀመጫም የሕፃን ኮፍያም በእጃችሁ ነው። 4 ሰንሰለት ሠርታችሁ የመጨረሻዋን ከመጀመሪያዋ ጋር አገናኙና ቀዳዳው ውስጥ 6 ቋጠሮ አስገቡ። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት፣ 12 ይሆናል። በሦስተኛው አንዱ ላይ አንድ ቀጣዩ ላይ ሁለት እያላችሁ 18። ከዚያ 24፣ 30፣ በየዙሩ 6 መጨመር ነው። የዙሩ መነሻ እንዳይጠፋባችሁ ሌላ ቀለም ብጣሽ ክር አስገቡበት። ሥራው እንደ ሲኒ ከጎደጎደ የጨመራችሁት አንሷል፣ ጠርዙ ከተኮማተረና ከተወዛወዘ ደግሞ በዝቷል።

ለአራስ ሕፃን ኮፍያ ክቡ 10 ወይም 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ሲደርስ መጨመሩን አቁሙና ዝም ብላችሁ ዙሩት። ከአናቱ መሀል እስከ ጠርዙ 13 ወይም 14 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በቃው። አራስ ጥየቃ ለገንፎ ስትሄዱ ይዛችሁት የምትሄዱት ነገር ሆነ ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሥር ለጀበና ወይም ለጋለ ድስት የሚነጠፍ ከሆነ ክሩ ጥጥ ይሁን። ሰው ሠራሽ ክር ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል፣ ካውያም አይችልም።

ክር ከተወደደባችሁ አሮጌ ሹራብ ተርትሩ። ግን መጀመሪያ ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ። ተቆርጦ በመኪና የተሰፋ ከሆነ ቁርጥራጭ ክር ነው የሚወጣላችሁ፣ ተዉት። ቁርጥ የሌለው ከሆነ ስፌቱን ብቻ ፈትታችሁ ከላይ ጀምራችሁ ተርትሩት። የተተረተረ ክር ይጠቀለላል፤ በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥማችሁ ሦስት አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩትና አውጥታችሁ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ እንደ ተንጠለጠለ ሲደርቅ ይቃናል።

ሥራውን ቁም ሳጥን ውስጥ አትቆልፉበት። ሁሌ ከምትቀመጡበት ቦታ አጠገብ፣ ትንሽ ቅርጫት ውስጥ ይሁን። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ቅርጫቱን ከፍ አድርጉት። የእጅ አንጓችሁ ሲደክም ደግሞ አቁሙ፣ «ይቺን ረድፍ ልጨርስ» እያሉ መቀጠል ነው እጅ የሚያሳምመው።

ሲያልቅ ክሩን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ በመጨረሻዋ ቀለበት አሳልፋችሁ አጥብቁ። የቀረውን በወፍራም መርፌ ቋጠሮዎቹ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አመላልሱት። አጠር አድርጎ የቆረጠ ሰው የመጀመሪያ እጥበት ላይ ይፈታበታል።