አንቻርትድ 4ን በሰዓት ከፍሎ መጨረስ

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ያሉ ጌም ቤቶች የሚኖሩት በፊፋ ነው፤ ግጥሚያው ያልቃል፣ የተሸነፈው ይነሳል፣ ተረኛው ይቀመጣል። አንቻርትድ 4 ለዚህ ስሌት አይመችም። ኖቲ ዶግ የተባለው ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 4 ያወጣው ይህ የጀብዱ ጌም ከመግቢያውና ከመደምደሚያው ሌላ 22 ምዕራፍ አለው፤ ሳይቸኩሉ ሲጫወቱት ወደ 15 ሰዓት ይወስዳል። በአንድ ቁጭታ ስለማያልቅ መጀመሪያ የሚታሰበው ሴቩ፣ የደረሳችሁበት የሚቀመጥበት ፋይል፣ ነው።

በጌስት (በጊዜያዊ እንግዳ) አትግቡ። ጌስት ሎግ አውት ሲደረግ የተጫወታችሁት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የጌም ቤቱን ልጅ የራሳችሁ ዩዘር እንዲከፍትላችሁ ጠይቁት። ሴቩ የሚቀመጠው እዚያው ማሽን ላይ ነው፤ በፍላሽ ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ ልትቀጥሉ የምትችሉት ዩዘሩ ከፒኤስኤን (የፕሌይስቴሽን ኦንላይን) አካውንት ጋር ከተያያዘና እዚያም በዚያው አካውንት ከገባችሁ ብቻ ነው። አካውንት ከሌላችሁ እስከ መጨረሻው አንድ ቤት፣ አንድ ማሽን። የትኛው እንደነበር አትርሱ፤ ስድስት ጥቁር ፕሌይስቴሽን በተደረደረበት ይምታታል።

ከዚያ መብራት አለ። ጌሙ በየመንገዱ ራሱ ሴቭ ያደርጋል፤ ልክ በዚያች ቅጽበት መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ፓውዝ አድርጋችሁ በእጃችሁ ሌላ የሴቭ ቦታ (ስሎት) ላይ ሴቭ አድርጉ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ሃርድ ዲስኩን ልፈትሽ ካለ አታቋርጡት። ጌሙ ከዝርዝሩ ከጠፋ ወይም አልከፍት ካለ ማሽኑን አጥፉና ማብሪያውን ተጭናችሁ ያዙት፤ ሁለተኛው ቢፕ 7 ሰከንድ ገደማ ላይ ሲሰማ ልቀቁ። ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰኩና ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን ምረጡ፤ ዳታቤዙን እንደገና ያደራጃል፣ ሴቭ አይነካም። 6ኛውና 7ኛው ግን ማሽኑን ባዶ ያደርጉታል። ቤቱ የሰው ነውና እሱን ባለቤቱ ይወስን።

ሴቲንጉ ላይ ሁለት ነገር ቀይሩ። አንድ ቁልፍ ደጋግሞ መምታት የሚጠይቁ ቦታዎችን ተጭኖ በመያዝ ተኩ፤ የተበላ የጌም ቤት ጆይስቲክ ድብደባውን አይችልም። የጆይስቲኩ ዱላ ወደ አንድ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ኢላማው ራሱ እንዲይዝ የሚያደርገውን ክፈቱ። ማፈሪያ የለውም።

አጀማመሩ ቀስ ያለ ነው። ከጀልባው ማሳደድ በኋላ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ እስር ቤት፣ ከዚያም የጌሙ ዋና ገጸ ባሕሪ ኔተን ሳሎኑ ውስጥ ከሚስቱ ጋር በአሮጌ ፕሌይስቴሽን ክራሽ ባንዲኩት የሚጫወትበት ምዕራፍ አለ። ብዙ ሰው ተሰላችቶ የሚተወው እዚህ ነው። ግን የኋላው ሁሉ የሚያምረው ኔተንንና ወንድሙን ሳምን እዚህ ስለምታውቋቸው ነው፤ ወሬያቸውን አትለፉት።

ገደል ላይ የምትሞቱት ባብዛኛው በችኮላ ነው። ተንጠልጥላችሁ ዱላውን ወደምትሄዱበት ግፉና የኔተንን እጅ ተመልከቱ። ክንዱን ወደ ቀጣዩ መያዣ ከዘረጋ የኤክስ ቁልፍ ያደርሳችኋል፤ ካልዘረጋ ያ ድንጋይ ጌጥ ነው፣ ወይ ሩቅ ነው።

ተኩስ ላይ አንድ ቦታ አትጣበቁ። እንጨትና ስስ ግንብ እየተፈረፈረ ያልቃል፣ ጠላት ደግሞ በጎን ይዞራል። የጤና መስመር የለም፤ ስክሪኑ ቀለሙን እየጣለ ግራጫ ሲሆን ጥቂት ሰከንድ ተደበቁ፣ ይመለሳል። ጠላት ጭንቅላት ላይ የሚታየው ምልክት ነጭ ሲሆን ጠርጥሯል፣ ቢጫ ሲሆን ሊፈትሽ ይመጣል፣ ብርቱካናማ ሲሆን አይቷችኋል። ቢጫ ላይ ሳላችሁ በረጅሙ ሣር ውስጥ ቦታ ቀይሩ። ብርቱካናማም ቢሆን ከዓይናቸው ከተሰወራችሁ ፍለጋ ብቻ ይቀራል፤ እንደገና አንድ በአንድ መጀመር ይቻላል።

ማዳጋስካር ስትደርሱ ጂፑ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። ነዳጅ መስጠት አይፈታውም፤ ድንጋዩን እየመረጣችሁ ውጡ። ድንጋይ ከሌለ ውረዱና ከፊት ያለውን የዊንች (የመጎተቻ) ገመድ በሦስት ማዕዘኑ ቁልፍ ያዙ፤ ዛፉን ሙሉ በሙሉ ዙሩና መንጠቆውን ገመዱ ላይ ሰኩ። ግማሽ ዙሮ መቆም የተለመደ ስህተት ነው፤ ካልዞረ አይሰካም።

የሚያናድደው ጎማ ያለው ሳጥን ነው። ግፋ፣ ውጣ፣ ጓደኛህን አንሳ፣ እንደገና ግፋ። አንዴ ጥሩ ነበር፣ አምስተኛው ላይ ግን ሥራ ይሆናል። ሳጥኑን ስታዩ የሚደገፍበትን ግድግዳ መጀመሪያ ፈልጉ፤ መንገዱ ከዚያ በላይ ነው።

11ኛው ምዕራፍ የጌሙ ምርጥ ክፍል ነው። የሰዓት ማማውን እንቆቅልሽ ጨርሳችሁ ስትወርዱ ገበያው መሃል ብረት ለበስ መኪና ያሳድዳችኋል፣ ከዚያ ጭቃ ላይ በገመድ ትጎተታላችሁ፤ መሃል ላይ መቋረጥ ያበላሸዋል። ማማው ሥር ስትደርሱ ሂሳባችሁ ሩብ ሰዓት ብቻ ከቀረው ሴቭ አድርጉና ለተረኛው ልቀቁ።