ጠዋት ዓይናማ፣ ከሰዓት ዓይኑ የጠፋ፦ ለትንንሽ እንጀራ መጋገሪያዎች

በሱሉልታም ሆነ በለገጣፎ መጋገሪያዎች እንጀራ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ጤፉ ነው፤ ቀጥሎ ጋጋሪዋ። ሁለቱንም ከመውቀሳችሁ በፊት የተበላሸውን ለብቻ አስቀምጡና ከየትኛው ሊጥ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ ጻፉ።

የመጀመሪያዎቹ ያምራሉ፣ የመጨረሻዎቹ ዓይን የላቸውም

ብዙ ሊጥ የሚያስደፋው ይህ ነው። አብሲት (ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ በውሃ ፈልቶ የሚመለሰው) የተጣለበት ሊጥ ኩፍ ሲል ውስጡ አየር ይቋጥራል፤ ዓይን የሚያወጣውም እሱ ነው። ሳይጋገር ከቆየ ይወርዳል። የቀኑ ሊጥ ሁሉ በአንድ ጊዜ አብሲት ከተጣለበት፣ ምጣዱ ሁለት ብቻ ከሆነ ግማሹ ተራው ሳይደርስ ያልፍበታል። ጋጋሪዋ ምን ታድርግ? ሊጡን በሦስት ወይም በአራት ባልዲ ከፍላችሁ አብሲቱን በየተራ ጣሉ። የመጀመሪያው ባልዲ ተጋግሮ እስኪያልቅ የፈጀውን ጊዜ መዝግቡ፤ ለሚቀጥለው መቼ እንደሚጣል ከዚያ ታውቃላችሁ። አብሲቱ በደንብ ይብረድ፤ እንደፈላ ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል።

ከመጀመሪያው እንጀራ ጀምሮ ዓይን የለም

ሊጡ አልቦካም። ከእንጦጦ ማዶ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ኃይለኛ ነው፤ በሚያዝያ የበቃው ቀን ያኔ አይበቃም። ለብ ባለ ውሃ አቡኩ፤ ቡሃቃውን ከሲሚንቶ ወለል አንሡ። ቀን ከመቁጠር ይልቅ ላዩ ላይ የሚጠለለውን ውሃና ሽታውን ተከተሉ።

አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ

ዱቄቱና ውሃው በግምት ይገባሉ፤ ጆጉም በዓይን ይሞላል። በአንድ እንጀራ 20 ግራም ሊጥ ከሚገባው በላይ ቢፈስ በ500 እንጀራ 10 ኪሎ ነው። ዱቄቱንም ውሃውንም በሚዛን አድርጉ። አንዲት የሱሉልታ ጋጋሪ ጆጓ ላይ በሚስማር መስመር ጭራለች፤ እጇ ቢደክምም ሊጡ ከዚያ አያልፍም። ይህን የምታህል ብልሃት ከማንኛውም ማሽን በፊት ትቅደም።

ከምጣዱ አልነሣ ይላል

ምጣዱ አልጋለም ወይም በደንብ አልታሰሰም። ምሽት መብራት የሚደክምበት ሰፈር ከሆነ ሥራውን ወደ ሌሊት አዙሩት።

ቶሎ ይሻግታል

ትኩሱ ተደራርቦ ፌስታል ውስጥ ገብቷል፤ እንፋሎቱ መልሶ ያረጥበዋል። በሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ይብረድና ከዚያ ይደርደር።

ድርቆሽ ያደረጋችሁትንም በየቀኑ መዝኑ። ስለተሸጠ ብቻ ከብልሽት ሂሳብ አይወጣም፤ የጤፉም፣ የመብራቱም ወጪ፣ የጋጋሪዋ ድካምም አለበት።