ሞደሙ «የመስመር ድምፅ የለም» ካላችሁ

ዊንዶውስ ኤክስፒ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ፋክስ ልትልኩ ስትሉ ይህ መልእክት፣ ወይም በስልክ መስመር ኢንተርኔት ልትገቡ ስትሉ ስህተት 680 ከመጣ፣ ሞደሙን (ኮምፒውተሩን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ) ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት! የመስመር ድምፅ አልሰማሁም ማለቱ ነው። መጀመሪያ የስልክ ገመዱን ከሞደሙ ነቅላችሁ ተራ ስልክ ላይ ሰኩት። «ቱ...» የሚለው ድምፅ ከተሰማ መስመሩ ደህና ነው። ሞደሙ ግን ያንን ድምፅ ላያውቀው ይችላል፤ ድምፁ ከአገር አገር ይለያያል፣ የመሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያም የራሱ ድምፅ አለው።

ኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ «ፎን ኤንድ ሞደም ኦፕሽንስ»ን ክፈቱ። «ሞደምስ» ስር የእናንተን መርጣችሁ «ፕሮፐርቲስ» በሉ። ከመደወሉ በፊት ድምፅ ጠብቅ ከምትለው ሳጥን ላይ ምልክቱን አንሱ። ብዙ ጊዜ ይሄው ይበቃል። እምቢ ካለ «አድቫንስድ» በሚለው ገጽ፣ ለተጨማሪ ትዕዛዝ በተተወው ባዶ ቦታ ላይ የእንግሊዝኛውን ኤክስና 3 ቁጥርን አጣብቃችሁ ጻፉ። ያኔ ድምፁን ሳይጠብቅ ይደውላል፤ መስመር ሲያዝ ግን አሁንም ይነግራችኋል።

ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 የሚጫን ቢሮ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ከስልክ ቁጥሩ ፊት 9 እና ኮማ አስገቡ። ይቺን ኮማ አትናቋት። ሞደሙን 2 ሰከንድ ያህል የምታስቆመው እሷ ናት፤ ማዞሪያው የውጭ መስመር እስኪሰጥ ፋታ ታገኛላችሁ። ማዞሪያው ዘገምተኛ ከሆነ ሁለት አድርጓት። የእንግሊዝኛዋን ኮማ ነው ታዲያ፣ የአማርኛውን ነጠላ ሰረዝ ሞደሙ አያውቀውም።