ከሳንጆ ዝቅ ብሎ፦ የኪዮቶን ትንንሽ ባሮች ለማግኘት

ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። እዚያ ሳለሁ በጣም የምወደው ነገር ስምንት ወንበር ብቻ ያለው ባር ገብቶ፣ ባንኮኒው ላይ አንድ ውስኪ ይዞ መቀመጥ ነበር። እነዚህ ቤቶች መስኮት የላቸውም። ከውጭ ሙዚቃም አይሰማም። እኔ የማገኛቸው እንዲህ ነበር።

መጀመሪያ አድራሻ ማንበብ ልመዱ። እኛ «ከፒያሳ ዝቅ ብሎ» እንደምንለው መሀል ኪዮቶም መስቀለኛው ይጠራና «አጋሩ» ወይም «ሳጋሩ» ይባላል። አጋሩ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሰሜን ነው። ሳጋሩ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ደቡብ። ከተማዋም ወደ ደቡብ ታዘቀዝቃለች፣ ስለዚህ ለእግርም ይገባል። ወደ ምሥራቅ ከሆነ «ሂጋሺ ኢሩ»፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ «ኒሺ ኢሩ» ነው። የድሮው ሳምቦአ ባር «ቴራማቺ ሳንጆ ሳጋሩ» ላይ ነው። ሁለቱ መንገዶች ከሚገናኙበት ተነስታችሁ በቴራማቺ ትንሽ ትወርዳላችሁ፣ በቃ።

ከዚያ ቀና በሉ። በታካሴ ወንዝ ዳር በሚሄደው ኪያማቺ መንገድ ላይ ሕንፃዎቹ ጎን ትንንሽ ታቤላዎች ተደራርበው ተሰቅለዋል። እያንዳንዱ ላይ የፎቅ ቁጥር አለ። ልብ በሉ፣ የጃፓን 1ኛ ፎቅ የእኛ ምድር ቤት ነው። ከፊቱ «ቢ» ካለ ወደ ታች ውረዱ። «ባር» የሚለውን ጽሑፍ በዓይን መያዝ ይቻላል። ተራርቀው ያዘነበሉ ሁለት ጭረቶች፣ ቀኝ ትከሻቸው ላይ ሁለት ትንንሽ ሰረዞች፣ ቀጥሎ አንድ ረጅም መስመር። ታቤላው ወደ ታች ከተጻፈ መስመሩም ይቆማል።

ታቤላው ላይ «ካይንሴ» ካለ የአባላት ብቻ ነው፣ ተዉት። የስልክ ካሜራ ተርጓሚ ይነግራችኋል። «ስናክ» የሚሉት ደግሞ አስተናጋጇ እያጫወተች የሚዘፈንበት ቤት ነው፣ ሌላ ነገር ነው። መንገድ ላይ «ኑ፣ ግቡ» የሚል ሰው ፈጽሞ አትከተሉ። በገባሁ በመጀመሪያው ወር ተከትዬ ሁለት ቢራ ጠጥቼ 9,000 የን ከፍያለሁ።

ሲመሽ ሳይሆን ገና እንደተከፈተ፣ ከሁለት ሰው ሳትበልጡ ሂዱ። ጠንካራ ሽቶ አትቀቡ። ውስኪው የሚሸተተው እዚያው አጠገባችሁ ነው። በሩን ከፍታችሁ ደፉ ላይ ቁሙና አንድ ጣት አንስታችሁ «ሂቶሪ ዴስ» በሉ፣ ብቻዬን ነኝ ማለት ነው። ባርማኑ ክንዶቹን ካጠላለፈ ሞልቷል ማለት ነው፣ አትቀየሙት። ካስገባችሁ የሚያሳያችሁ ቦታ ተቀመጡ። ሙቅ ፎጣና ትንሽ መክሰስ ይመጣል። እኔ በሄድኩባቸው ቤቶች የመቀመጫ ክፍያው ከ500 እስከ 1,000 የን ነበር። ጉርሻ አይሰጥም።

ብዙዎቹ ሜኑ የላቸውም። ኮክቴል ከፈለጋችሁ የምትወዱትን መጠጥ ንገሩትና መጣጣ ወይስ ጣፋጭ በሉት። የወቅቱ ፍሬ ምን እንዳለም ጠይቁ። ውስኪ ከሆነ ግን «ሃፉ» የሚለውን ቃል አትርሱ። አንድ ሲንግል 30 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሃፉ ግማሹ። በአንድ ምሽት ሦስት ዓይነት ለመቅመስ፣ ዋጋውንም ለመቻል ይህ ይሻላል። እኔ ያማዛኪ በሚባለው የጃፓን ውስኪ ነበር የጀመርኩት። የሚጠመቅበት ፋብሪካ ከኪዮቶ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ነው፣ ግንባታው የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1923 ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ባርማኑን መጠየቅ ነው። «እርስዎ ራስዎ የሚወዱት ባር አለ?» በሉት። የዕለቱን ሂሳብ ስትከፍሉ ጠይቁ፣ እንደገባችሁ አይደለም። መጀመሪያ ሰውዬው አጠጣጣችሁን ይይ። ኪዮቶ በሰው ነው የምትከፈተው። ብቻዬን ብፈልግ የማላየው በር በአንድ ሰው ስም ተከፍቶልኛል። አንድ ጊዜ ጠና ያሉ ባርማን የብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን ገልብጠው ካርታ ሳሉልኝ። ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምንም ያልተጻፈበት በር። ሄጄ ካርቶኑን አሳየሁ። ወጣቱ ባርማን ጽሑፉን አየና ፈገግ አለ። ወንበር ስቦልኝ ስልኩን አነሳና ለሽማግሌው ደወለላቸው፣ በሰላም መድረሴን ሊነግራቸው።