በአሜሪካ የሰፈራችሁን ሕዝብ በዘር ለይታችሁ ማወቅ ስትፈልጉ

ሰርግም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ዲሲና አካባቢው ላይ የሐበሻ ቁጥር ክርክር አይቀርም። አንዱ ሃምሳ ሺህ ነን ይላል። ሌላው ሩብ ሚሊዮን ያደርሰዋል። ከየት አመጣኸው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ መረጃውን በነጻ ዘርግቶታል፤ ዳታ ዶት ሴንሰስ ዶት ጎቭ ላይ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። በስልክም ይከፈታል፣ ሰንጠረዡ ሰፊ ስለሆነ ኮምፒውተር ይሻላል እንጂ።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። እኛ «ዘር» ስንል ብሔር ማለታችንም ሊሆን ይችላል። እዚያ ቅጽ ላይ ግን ነጭ፣ ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ፣ እስያዊ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ፣ የሃዋይና የፓስፊክ ደሴቶች ተወላጅ፣ «ሌላ» የሚሉት ናቸው። መልሱን የሚሞላው ሰው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው። ሂስፓኒክ መሆን በ2020 ቆጠራ ለብቻው የተጠየቀ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሂስፓኒክ ሰው ነጭም ጥቁርም ሆኖ ሊቆጠር ይችላል።

1. ቦታውን ለዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሜሪላንድ ያለውን ሲልቨር ስፕሪንግ ውሰዱ። ስሙ ቢገንም የራሱ ከንቲባ ያለው ከተማ አይደለም። ቢሮው ለቆጠራ ሲል ወሰን አስምሮለታል። ዋይት ኦክ የሚኖር ሰው ደብዳቤው ላይ «ሲልቨር ስፕሪንግ» ይጻፍለታል፤ በቆጠራው ግን ዋይት ኦክ ሌላ ቦታ ነው። አሌክሳንድሪያም እንዲሁ ነው። ከተማው ራሱን የቻለ ስለሆነ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ አይቆጠርም። «አሌክሳንድሪያ» የሚል አድራሻ ያላቸው ብዙ ቤቶች ግን ፌርፋክስ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሰፊውን ሥዕል ከፈለጋችሁ ካውንቲውን ምረጡ። የሰፈራችሁን ብቻ ከሆነ ደግሞ ሴንሰስ ትራክት የሚባለውን፤ አንዱ ትራክት በአማካይ 4,000 ያህል ሰው ይይዛል። የትራክት ቁጥራችሁን የቢሮው ጂኦኮደር ላይ አድራሻችሁን አስገብታችሁ ታገኛላችሁ።

2. የትኛውን መረጃ? የ2020ው ቆጠራ ሁሉንም ሰው ለመቁጠር የተደረገ ሲሆን የሚያሳየው ኤፕሪል 1 ቀን 2020 የነበረውን ነው። ለቅርብ ጊዜ የሚሻለው አሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ ነው፤ በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን ያህል አድራሻ መርጦ ይጠይቃል። የአንድ ዓመቱ ውጤት የሚወጣው 65,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላለው ቦታ ብቻ ነው። ለትንሽ ቦታ የአምስት ዓመት መልስ አንድ ላይ ተሰብስቦ የሚወጣውን ተጠቀሙ።

3. ፈልጉ። መፈለጊያው ላይ የሰንጠረዡን ኮድና የቦታውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ለዘር ቢ02001 ነው። ሂስፓኒኮችን ለይቶ የሚያሳየው ቢ03002 ነው። በመቶኛ የተሰላ ከፈለጋችሁ ዲፒ05 ይገላግላችኋል። ሰንጠረዡ ሲከፈት ከላይ ያለውን ዓመት እዩ፤ ሌላ ዓመት ከፍቶላችሁ ሊሆን ይችላል። ቢ02001 ላይ «ጥቁር ብቻ» የሚለው መስመር አንድ ዘር ብቻ የመረጡትን ነው የሚይዘው። ጥቁርም ሌላም ብለው የሞሉትን ለመጨመር ቢ02009ን ክፈቱ።

4. ከግምቱ ጎን ያለውን ቁጥር አትዝለሉት። የስህተት ህዳግ ይባላል። ግምቱ 400፣ ህዳጉ 180 ቢሆን፣ እውነተኛው ቁጥር በ90 በመቶ እርግጠኝነት ከ220 እስከ 580 ባለው ውስጥ ነው ማለት ነው። ለአንድ ትራክት እንዲህ ያለ ስፋት የተለመደ ነው፤ ትንሽ ሰፈር ላይ «ጨመርን፣ ቀነስን» ብላችሁ አትቸኩሉ። ሁለት ትራክት ስትደምሩ ህዳጎቹን ዝም ብላችሁ አትደምሩ፦ እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፣ ደምሩ፣ ከዚያ ካሬ ሥሩን አውጡ። 30 እና 40 ከሆኑ 50 ይመጣል።

ዓመታትን ስታነጻጽሩ የማይደራረቡትን ውሰዱ፣ ለምሳሌ 2014–2018ን ከ2019–2023 ጋር። በ2020 ግን የዘር ጥያቄው አቀራረብና የመልሶቹ አመዳደብ ተቀይሯል። ሁለትና ከዚያ በላይ ዘር ያላቸው ሰዎች በ2010 ቆጠራ 9 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2020 33.8 ሚሊዮን ሆኑ። ይህን ያህል ሰው በአሥር ዓመት ተወልዶ አይደለም። ትልቅ ድርሻ ያለው የቅጹና የአመዳደቡ ለውጥ ነው።

5. ሐበሻው የታለ? «ጥቁር» የሚለው መስመር ከእኛ ሌላ የናይጄሪያ፣ የጃማይካ፣ የአሜሪካ ተወላጅ ጥቁሮችንም ይዟል። በ2020 ቅጽ ላይ ግን «ጥቁር» ከሚለው ሥር የመጻፊያ ቦታ ነበረ፤ ኢትዮጵያዊም በምሳሌነት ተጠቅሷል። ከዚያ የወጣው ዝርዝር ውጤት በሴፕቴምበር 2023 ታትሟል፤ በመላ አሜሪካ ብቻቸውንም ከሌላ ጋር ቀላቅለውም ኢትዮጵያዊ ነን ያሉት ወደ 325,000 ይሆናሉ። ባዶውን ቦታ ሳይሞላ ያለፈ ሰው እዚያ ውስጥ የለም። በሰርቬዩ ደግሞ ቢ05006 የትውልድ አገርን፣ ቢ04006 የዘር ሐረግን ያሳያል። ቢ05006 ላይ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችሁ አይቆጠሩም፤ ቢ04006 ላይ ግን ከተጻፈላቸው ይገባሉ። ሁለቱ ለምን እንደማይገጥሙ ሲገርማችሁ ይህን አስታውሱ።

ያገኛችሁትን ስታወርዱ የፋይሉ ስም ላይ የሰንጠረዡን ኮድ፣ ዓመቱንና የቦታውን ሙሉ ስም ጻፉበት። ከሦስት ወር በኋላ ስትከፍቱት የቱ የሲልቨር ስፕሪንግ፣ የቱ የካውንቲው እንደሆነ አይጠፋችሁም።