ሸክላ ሲያስቸግር፦ በትንሽ ገንዘብ ለጀመራችሁ

ከአሥር ዓመት በላይ ሙዚቃ የሰማሁት በስልክ ነው። አንድ ቀን አባቴ ከቁም ሳጥን ላይ አንድ ካርቶን አወረደልኝ። ውስጡ ትናንሽ ባለ 45 ሸክላዎች አሉ፤ ፊትና ጀርባ አንድ አንድ ዘፈን። ጥቂቶቹ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው በአምሃ ሪከርድስ የወጡ ናቸው። ማጫወቻ ግን አልነበረንም። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ አንድ አሮጌ ይዛልኝ መጣች። ጭንቀቴም ከዚያ ጀመረ።

ሸክላ ሲያስቸግር እጃችን ቶሎ ወደ ኪስ ይሄዳል። "ማጫወቻው ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ልግዛ" እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ አንድ ማብሪያ፣ አንድ ሽቦ ወይም ያለቀ መርፌ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የምትሰሙትን ነገር ተከተሉ።

ዘፈኑ ተጎትቶ፣ ድምፁ ወፍሮ ከተሰማ

እኔን ያሰቃየኝ ይሄ ነው። ማጫወቻው የ120 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛሁለት። አልተቃጠለም፣ ይዞራል። ዘፋኟ ግን የወንድ ድምፅ አወጣች። ሸክላው አርጅቷል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። አባቴ ከሳሎን ሆኖ ትንሽ አዳመጠና "እሷ እንዲህ አትጎትትም፤ ማሽኑን እየው" አለኝ።

እውነቱን ነበር። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50፤ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው። የብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚህ ቁጥር ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ 37 ተኩል ብቻ ይዞራል። ዜማውም በፒያኖ ላይ ነጩንም ጥቁሩንም ብትቆጥሩ ሦስት ቁልፍ ያህል ዝቅ ይላል።

ለማረጋገጥ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ጠርዝ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ። ፍጥነቱን 33 ላይ አድርጉና በስልካችሁ 3 ደቂቃ ያዙ። 33 የሚባለው በትክክል 33 ከሲሶ ስለሆነ ፕላስተሩ ልክ 100 ጊዜ ማለፍ አለበት። የእኔ 83 ላይ ቀረ።

መፍትሄው እንደ ማሽኑ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ለ50 ኸርዝ የሚሆን ሌላ ፑሊ አላቸው፤ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ መሳይ ብረት መቀየር ብቻ ነው። ፑሊው ካልተገኘ ዘፈኑን ወደ ኮምፒውተር ቅዱና ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍጥነቱን በ20 በመቶ ጨምሩ። እኔ የአባቴን ሸክላዎች ያተረፍኩት እንዲህ ነው። ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ከኋላ የተጻፈውን አንብቡ። "120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ" ብቻ የሚል ከሆነ ይቅርባችሁ። ከሳዑዲ የሚመጣውንም እዩ፣ የእነሱም መብራት 60 ኸርዝ ነው። እንደ ስልክ ቻርጀር ባለ አዳፕተር የሚሠሩት አዳዲሶቹ፣ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ፣ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የፍጥነት ማብሪያው 45 ላይ መሆኑን እዩ። ቺንጋ ያለው ማጫወቻ ከሆነ ሳህኑን አንሱትና ቺንጋውን ንኩት። ከላላ ወይም እጅ ላይ ከተጣበቀ አልቋል፣ ይቀየር። አዲስ ማጫወቻ ጭራሽ አልዞር ካለም ቺንጋው ፑሊው ላይ አልገባም ማለት ሊሆን ይችላል።

ድምፁ ትንሽና ቀጭን ከሆነ

ከስልክ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ድንጋጤ ይሄ ነው። ማጫወቻውን ከስፒከሩ ጋር በጃክ ያገናኛል፣ እስከ መጨረሻው ይከፍታል፣ የሚሰማው የትንኝ ድምፅ ነው።

መርፌው የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ነው፤ በብዙዎቹ ካርትሪጆች (መርፌው የሚሰካባቸው ትናንሽ ዕቃዎች) ጥቂት ሺኛ ቮልት። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው የሚቀረጸው። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ስለሚሰፋ ሸክላው ላይ ብዙ ሙዚቃ አይገባም ነበር። ሲጫወት ደግሞ ድምፁን አጉልቶ ወደ ቦታው የሚመልሰው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ዕቃ ነው። እሱ ከሌለ ቤዝ የለም።

መጀመሪያ ከማጫወቻው ኋላ "ፎኖ" እና "ላይን" የሚል ማብሪያ ፈልጉ። ካለ "ላይን" ላይ አድርጉት፣ አለቀ። ከሌለ ፕሪአምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ውስጥ የተረሳ አሮጌ ዴክ (ስፒከር የሚሰካበት የሙዚቃ ማሽን) ካለ ጀርባውን እዩ። ብዙዎቹ "ፎኖ" የሚል መግቢያ አላቸው፣ ፕሪአምፑ እዚያው ውስጥ ነው።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ተጨናንቆ፣ የሚሰነጠቅ ከሆነ ፕሪአምፑ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ማጫወቻው "ላይን" ላይ ሆኖ ዴኩ ላይ "ፎኖ" ውስጥ ተሰክቷል ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን ቀይሩ።

"እምምም" የሚል ድምፅ ካለ

የመሬት ሽቦው አልታሰረም። ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭን ሽቦ ዴኩ ወይም ፕሪአምፑ ላይ ካለችው ብሎን ጋር እሰሯት።

በአንድ ጎን ብቻ ከተሰማ

የግራና የቀኙን ገመድ አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላው ጎን ከዞረ ችግሩ ከማጫወቻው በኩል ነው። ካርትሪጁ ጀርባ ያሉትን አራት ትናንሽ ሽቦዎች በቀስታ ነቅላችሁ መልሱ። ዝገት ከነበረ ይሄ ብቻ ይበቃዋል።

መርፌው ከዘለለ

አንድ ጥንታዊ ምክር ትሰማላችሁ፦ መርፌውን የያዘው ክንድ ራስ ላይ ሳንቲም ጫን። እባካችሁ አታድርጉት። ዛሬ ያስተካክላል፣ ነገ ግን ቦዩን ይልገዋል። የተላገ ቦይ አይመለስም።

በቅድሚያ ማጫወቻው የቆመበትን እዩ። ጠረጴዛው ያዘነብላል? ስፒከሩስ እዚያው ላይ ተቀምጧል? ስፒከሩን አውርዱት፣ ንዝረቱ መርፌውን ያስዘልላል። ቀጥሎ የክንዱን ሚዛን ተመልከቱ። ክብደቱ የሚስተካከል ማጫወቻ ከሆነ ብዙ ካርትሪጆች የሚፈልጉት ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። አንዳንድ ርካሾቹ ወደ 3 ተኩል ይደርሳሉ፤ የእናንተ ስንት እንደሚል ከወረቀቱ አንብቡ። ወርቅ ቤት የምናያት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ለዚህ ትሆናለች። ከተባለው በታች መሆንም ጉዳት ነው፤ መርፌው ቦዩ ውስጥ እየተንገዳገደ ግድግዳውን ይፍቀዋል።

"ሰ" እና "ሽ" ከሻከሩ

መርፌው አልቋል ወይም ጫፉ ላይ ጥጥ የመሰለ አቧራ ተጠቅልሏል። በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ብታዩት አቧራው ይታያል። በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጥረጉት፣ ወደ ጎን ፈጽሞ። ከዚያም ካልተሻለው መርፌውን ቀይሩ። ታሪኩ የማይታወቅ ያገለገለ ማጫወቻ ከገዛችሁ ከሁሉ በፊት መርፌ ላይ ብታወጡ እመክራለሁ። ያለቀ መርፌ በየዙሩ ሸክላውን ይበላል።

ከተንጫጫ

የአባቴ ሸክላዎች ቆሎ እንደሚቆላበት ምጣድ ይንጣጡ ነበር። አብዛኛው አቧራ ሆኖ ተገኘ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ዲስቲልድ ውሃ ግዙ፤ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ አረጋግጡ። በአንድ ሊትር ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። በለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ የቦዩን መስመር ተከትላችሁ በክብ አጥቡ። መሃል ያለው ወረቀት እንዳይርስ። ከዚያ በንጹህ ዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁና አቁማችሁ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ግን አይሆንም፣ ይጣመማል። ባለ 78ቱ ወፍራም ጥንታዊ ሸክላ ካላችሁ አልኮል አታስነኩት፣ ይሟሟል። እሱ የራሱ ሰፊ መርፌም ይፈልጋል።

ታጥቦም በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ "ጭው" የሚል ካለ እሱ ጭረት ነው፣ አይታጠብም። አባቴ ከሁሉ በሚወደው ሸክላ ላይ አንድ አለ። የት ላይ እንደሚመጣ ስለሚያውቀው፣ ሊደርስ ሲል ጣቱን አንስቶ ይጠብቀዋል።