ከኤምኤምኤ ወደ ቦክስ ልትሻገር ነው? መጀመሪያ እግርህን አስተካክል

ደሴ ላይ ኤምኤምኤ (ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀለበት ፍልሚያ) የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ቦክስ ልገባ ነው፣ ቡጢዬ ከባድ ነው፣ ምን ይቀረኛል?» አብሽር፣ ቡጢህን ማንም አልጠረጠረም። የሚቀርህ እግርህ ነው።

ኤምኤምኤ ላይ ሰፋ ብለህ ትቆማለህ፣ ከተጋጣሚህም ራቅ ትላለህ፤ እግርህን ይዞ የሚጥልህ አለ፣ ጭንህን በእርግጫ የሚገርፍህም አለ። ቦክስ ላይ ሁለቱም የሉም። ቆመትህ ጠበብ፣ ርቀትህ ቀረብ ማለት አለበት። ልማዱ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። እኔ መጀመሪያ ከቦክሰኛ ጋር ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) የገባሁ ቀን ልጁ ሲጠጋኝ ሳላስበው እግሩን ልይዝ ጎንበስ አልኩ፣ ከታች ወደ ላይ የሰነዘረው ቡጢ፣ አፐርካቱ፣ አገጬን መንገድ ላይ ተቀበለው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጓደኞቼ ናቸው የነገሩኝ።

መላው ቀላል ነው፣ ግን ይሰለቻል። ወለሉ ላይ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። የፊት እግርህ በአንዱ በኩል፣ የኋላው በሌላው በኩል ይሁን። ከዚያ ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘር ቀጥ ያለ ቡጢ) እየሰነዘርክ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ጎን ሂድ፤ እግሮችህ እንዳይጣበቁ፣ እንዳይጠላለፉም። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ሁለት ወር ከዚህ ውጪ ብዙ አልሠራም። እርግጫና ትግሉንም ለጊዜው አቆመዋለሁ፤ ሁለቱን እያፈራረቁ መልመድ ሰውነትን ያደናግራል።

ጓንቱም ሌላ ነው። የኤምኤምኤው አብዛኛውን ጊዜ 4 አውንስ፣ ማለትም 113 ግራም ገደማ ነው። ፕሮፌሽናል ቦክስ ላይ እንደ ኪሎህ 8 ወይም 10 ይሆናል፣ ስፓሪንግ ላይ ብዙዎች 16 ያደርጋሉ። በትንሹ ጓንት በእጆች መሃል ሾልኮ ይገባ የነበረው ቡጢ አሁን ትልቁን ጓንት ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ሆድና ጎን መምታት ተማር። ክርን፣ ዞሮ በእጅ ጀርባ መምታት፣ እንደ መዶሻ መውቀጥ ሁሉም ጥፋት ናቸው። የኤምኤምኤው ኮነር ማክግሪጎር እ.ኤ.አ. በ2017 ከቦክሰኛው ሜይዌዘር ጋር በቦክስ ሲገጥም እጁ ከልማዱ አልላቀቅ ብሎት የሰውየውን ማጅራት እየወቀጠ ዳኛው ሲያስጠነቅቀው አይተናል።

እዚያው ፍልሚያ ላይ ሌላም ትምህርት አለ። ማክግሪጎር መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ትንፋሹ አለቀ፣ በ10ኛው ዙር ዳኛው አስቆመው። የኤምኤምኤ የሻምፒዮና ፍልሚያ 5 ጊዜ 5፣ 25 ደቂቃ ነው። የቦክሱ 12 ጊዜ 3፣ 36 ደቂቃ። እንደ ኤምኤምኤው አጥር ላይ ተደግፈህ፣ ሰው ላይ ተኝተህ ትንፋሽ የምትሰበስብበት የለም፤ ብትተቃቀፍም ዳኛው ይለያያችኋል። እኛ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምንኖር ጦሳ ተራራን ሮጦ የወጣ ልጅ ትንፋሽ አለኝ ይላል። አለው፣ አልካድኩም። ግን ዳገት መሮጥና እጅ ከፍ አድርጎ ሦስት ደቂቃ መምታት ይለያያሉ፤ ትከሻህ ከሳንባህ ቀድሞ ይሞታል። ሰዓት ይዘህ 3 ደቂቃ ሥራ፣ 1 ደቂቃ እረፍ።

ማንም የማያስተምረው ደግሞ መውደቅ ነው። ኤምኤምኤ ላይ የወደቀ ሰው መሬት ላይ ይደበደባል፣ ስለዚህ ዘለህ መነሳት ለምደሃል። ቦክስ ላይ ዳኛው እስከ 10 ይቆጥርልሃል። አትቸኩል፣ በአንድ ጉልበትህ ተንበርክከህ ጭንቅላትህ እስኪመለስ ጠብቅ፣ 8 ሲል ተነስ። አንተ ከጣልከው ደግሞ እላዩ ላይ እንዳትሄድ! ወደ ገለልተኛው (የሁለታችሁም ወዳልሆነው) ጥግ ካልሄድክ ዳኛው ቆጠራውን ሊያቆም ይችላል፣ ያ ለእሱ ተጨማሪ እረፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የኤምኤምኤው ፍራንሲስ ንጋኑ ቦክሰኛውን ታይሰን ፊዩሪን በ3ኛው ዙር ጣለው፣ ፊዩሪ ግን ተነስቶ በዳኞች ነጥብ አሸነፈ።

የንጋኑን መንገድ ግን አትከተል። የመጀመሪያ ፕሮፌሽናል የቦክስ ግጥሚያው ከፊዩሪ፣ ሁለተኛው ከሌላው ቦክሰኛ ከአንቶኒ ጆሹዋ ነበር፤ ጆሹዋ በ2ኛው ዙር ዘረረው። ገንዘቡ አሳማኝ ስለነበር አልፈርድበትም። እኔና አንተን ግን እንዲህ የሚከፍለን የለም። ሌላው የኤምኤምኤ ሰው አንደርሰን ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ2021 ቦክሰኛውን ቻቬዝ ጁኒየርን በቦክስ ሲያሸንፍ አዲስ አልነበረም፣ ከዓመታት በፊት ሁለት ጊዜ በፕሮፌሽናል ቦክስ ተጫውቶ ነበር። አንተም በአማተር ጀምር፣ 3 ዙር ነው። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ በአንተ ኪሎ ያለ ቦክሰኛ ፈልግና ቀለል ያለ ስፓሪንግ ለምነው።

ጠመኔውን እንዳትረሳ።